ቀኑ ያልደረሰ ቼክ

ባለፈው ሳምንት በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። ጠያቂው ትንሽ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው። «አከፋፋዩ ዕቃውን በዱቤ ሊሰጠኝ ተስማምቷል፤ ግን የሦስት ወር ቀን የተጻፈበት ቼክ አምጣ አለኝ። ቀኑ ሳይደርስ ባንክ ቢወስደውስ?» ይላል።

በአንድ መስመር ልመልስለት ጀምሬ ተውኩት። አጭሩ መልስ «እንደ ሕጉ ከሆነ ይከፈለዋል፤ እንደ ባንኩ መስኮት ከሆነ ላይከፈለው ይችላል፤ ሒሳብህ ውስጥ ብር ከሌለ ግን አንተ ፖሊስ ጣቢያ ልትገባ ትችላለህ» የሚል ነው። እንዲህ ብሎ ዝም ማለት ሰው ማስደንገጥ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን መርካቶ ውስጥ ለአንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ይዣለሁ። የድርጅቱ ሀብት የት ነበር ብትሉኝ መጋዘን ያለው ብረትና ቆርቆሮ አይደለም፤ ከወንበሬ ጀርባ በነበረችው ካዝና ውስጥ የተደረደሩት ፖስታዎች ናቸው። በየፖስታው ላይ የወር ስም ተጽፏል፤ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ውስጣቸው ቼክ ነው። የደሴ ነጋዴ ቼክ፣ የአዳማ ቼክ፣ የሐዋሳ ቼክ፣ እዚሁ ሳሪስና አየር ጤና ሱቅ ያላቸው ሰዎች ቼክ። ሁሉም ላይ ያለው ቀን ገና የሚመጣ ነው። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው የዕለቱን ቼኮች ከፖስታው አውጥቶ ወደ ባንክ መሄድ ነበር።

ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼም በተራቸው ለአስመጪዎች እንዲሁ ቀን የተጻፈበት ቼክ ሰጥተዋል። የሌሎች ሰዎች ቀን እኛ ካዝና ውስጥ አለ፤ የእኛ ቀን ደግሞ አስመጪው ካዝና ውስጥ አለ። ከታች ያለው ቸርቻሪ የሚጠብቀው ኮንትራክተሩን ነው፤ ኮንትራክተሩ የክፍያ ሰርተፊኬት ያስገባበትን መሥሪያ ቤት ይጠብቃል፤ መሥሪያ ቤቱ በጀት ይጠብቃል። በጀት አንድ ወር ሲዘገይ መርካቶ ውስጥ ስንት ፖስታ እንደሚንቀጠቀጥ ያየሁት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ቼክ የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 ሆኖ አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ ብዙ ሰው አሮጌው ሙሉ በሙሉ የተሻረ መስሎት ነበር። አልተሻረም። አዲሱ የሚናገረው ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ ነው። ስለ ቼክና ስለ መሰል ሰነዶች፣ ስለ ባንክ ሥራም የሚናገረው የአሮጌው ሕግ ክፍል እንዳለ ሥራ ላይ ነው። አሮጌውን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላም አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። የቼኩ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1931 ጄኔቫ ላይ ብዙ አገሮች ከተስማሙበት የቼክ ሕግ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

የዚያ ሕግ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ቼክ መክፈያ እንጂ የዱቤ ወረቀት አይደለም። እንደቀረበ ይከፈላል። «ከዚህ ቀን በፊት አይከፈልም» የሚል ነገር ቢጻፍበት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ከዚያም አልፎ፣ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ለባንክ የቀረበ ቼክ በቀረበበት ቀን ይከፈላል ይላል። እንግዲህ በሕጉ ዓይን ካዝናችን ውስጥ የነበሩት ፖስታዎች ምንም ትርጉም አልነበራቸውም። የታኅሣሡም የጥቅምቱም ቼክ ዛሬ ጠዋት የሚከፈል ነው። ቀኑ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ለመቁጠር ነው፤ ለምሳሌ ቼኩ የሚቀርብበት የ6 ወር ጊዜ የሚቆጠረው ከተጻፈበት ቀን ነው።

መስኮቱ ጋ ስትሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዳንዱ ገንዘብ ከፋይ ቼኩን አገላብጦ «ቀኑ አልደረሰም» ብሎ ይመልሳል። የመመለሻ ወረቀቱ ላይም ይህ ምክንያት ተጽፎ ይሰጣችኋል። ሌላው ሒሳቡን አይቶ ብር ካለ ይከፍላል። ሌላው ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ይጠራል፤ ሥራ አስኪያጁ ቼኩን ወደ መብራት ቀና አድርጎ ያያል፤ ከዚያ «ለምን ቀኑን አትጠብቁም?» ብሎ እንደ ሽማግሌ ይመክራል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስቱንም አይቻለሁ፤ ሁለቱን በአንድ ባንክ ሁለት ቅርንጫፎች ውስጥ ነው ያየሁት።

በነገራችን ላይ የቀኑ ነገር ራሱ አንድ ጣጣ ነው። ቼክ ላይ 5/1/2016 ተብሎ ሲጻፍ መስከረም 5 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ? ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ካልተጨመረ፣ በአንዱ ስታነቡት ዛሬ የሚከፈል ቼክ በሌላው ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የተመለሱ ቼኮች በእጄ አልፈዋል። ከሁሉ የማልረሳው ግን ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የተጻፈበት ነው። ጳጉሜን 6 ያለችው 2015 ላይ ነበር፤ 2016 ላይ የለችም። ሰውየው እያወቀ ይሁን ሳያውቅ እንጃ፣ የማይመጣ ቀን ጽፎ ሰጠን። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ቼኩን አስቀየሩት።

የማያስቀው እዚህ ጋ ይጀምራል።

ከአዳማ የሚመጣ ደንበኛ ነበረን። ሦስት ቼክ ሰጥቶ ዕቃ ወሰደ፤ የመጨረሻው 480 ሺህ ብር ሲሆን ቀኑ ሰኔ 30 ነው። መርካቶ ውስጥ ቼክ ካዝና ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ያ ቼክ በክፍያ መልክ ለአንድ አስመጪ ተላለፈ። አስመጪው ደግሞ ጭንቅ ውስጥ ነበርና ግንቦት አጋማሽ ላይ ባንክ ወሰደው። በዚያው ወር እኛው ያስተላለፍነው ሌላ የሐዋሳ ቼክም እንዲሁ ቀኑ ሳይደርስ ሌላ ባንክ ቀርቦ ነበር። የሐዋሳው ቼክ «ቀኑ አልደረሰም» ተብሎ ተመለሰ። ባለቤቱም ሳይሰማ ሐምሌ ላይ ከፈለ። የአዳማው ቼክ ግን «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ተመለሰ።

ሁለቱም ሰዎች በዚያ ቀን ሒሳባቸው ውስጥ ብር አልነበራቸውም። ሁለቱም ለሰኔ መጨረሻ ነበር የሚዘጋጁት። ሁለቱን የለያቸው ባንክ ውስጥ ያለ ሰው የመመለሻ ወረቀቱ ላይ የትኛው ምክንያት አጠገብ ምልክት እንዳደረገ ብቻ ነው። «ስንቅ የለውም» የምትለዋ ወረቀት ወደ ፖሊስ ትሄዳለች፤ «ቀኑ አልደረሰም» የምትለዋ ወደ ካዝና ትመለሳለች። የአዳማው ሰው 11 ቀን ጣቢያ አደረ። ባለቤቱ አይሱዙውን በርካሽ ሸጠች፤ ቼኩ ተከፈለ። ሰውየው ዛሬም ይነግዳል፤ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው የሚገዛው፤ ሱቁ የድሮውን ግማሽ ያክላል። ስናገኘው ሰላም ይለናል። ጋሼ ግን ያን ሰሞን «ቀን እኮ ነበረው! ቀን ጽፎበታል እኮ!» እያሉ ቢሮ ውስጥ ሲመላለሱ ሰንብተዋል።

(«ስንቅ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማን እንደመረጠው ባውቅ ደስ ይለኛል። ቼኩን መንገደኛ አደረገው፤ አገልግል ሳይዝ የተላከ መንገደኛ።)

የወንጀል ሕጉ፣ የ1996ቱ ማለቴ ነው፣ በአንቀጽ 693 ላይ የሚያዝበት ገንዘብ እንደሌለ እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል ይላል። ይህን አንቀጽ አልቃወምም። ባንክ ሄዶ ሒሳብ ከፍቶ፣ የቼክ ደብተር ተቀብሎ፣ በአንድ ሳምንት ከአምስት ሱቅ ዕቃ ጭኖ የሚሰወር ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሌባ ነው፤ ሌባ ይታሰር። አታሎ ነው የወሰደው፤ «ብሩ አለ» ብሎ ዋሽቷል።

ግን አስቡት። ዛሬ መጋቢት ነው፤ እኔ ሰኔ 30 የተጻፈበት ቼክ እሰጣችኋለሁ። በዚያች ቀን የነገርኳችሁ ምንድን ነው? «ዛሬ ብር የለኝም» ነው። ቀኑ ራሱ እየተናገረ ነው። እናንተም አውቃችሁ፣ ዋጋው ላይ የመጠበቂያችሁን ጨምራችሁ ተቀበላችሁ። ማን ማንን አታለለ? ሰኔ 30 ላይ ካልከፈልኩ ዕዳዬን ያልከፈልኩ ሰው ነኝ፤ ዕዳ ያልከፈለ ሰው ደግሞ ይከሰሳል፣ ንብረቱ ይሸጣል። የምናደርገው ግን ሌላ ነው። ዱቤ እንሰጥና፣ ዱቤውን ቼክ እናለብሰውና፣ ሳይከፈል ሲቀር «አታለለኝ» እንላለን።

ለዚህ ነጋዴው ያለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። «ልጄ፣ እስር ባይኖር ማን ይከፍለኛል?» ይላሉ ጋሼ። ፍትሐ ብሔር ክስ ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅ፣ ተፈርዶ እንኳ አፈጻጸሙ ስንት እንደሚፈጅ ያውቃሉ። እውነታቸውን ነው። በየሱቁ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሕዝብ ዱቤ ምን እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ጋሼ ያሉትን ቃል በቃል ብትወስዱት፣ ካዝናው ውስጥ የነበረው መያዣ ብር ሳይሆን የሰዎቹ ነፃነት ነው ማለት ነው። በየወሩ ፖስታ ተለይቶ የተቀመጠ የደሴ ሰው ነፃነት፣ የሐዋሳ ሰው ነፃነት።

ደግሞ ሕጉ ሌላ መንገድ ሳያዘጋጅ አልቀረም። ጊዜ ለሚሰጥ ሰው የተስፋ ሰነድ የሚባል ነገር አለ። «ይህን ያህል ብር በዚህ ቀን እከፍላለሁ» ብሎ ፈርሞ የሚሰጥ ወረቀት ነው፤ እንደ ቼክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ቀኑ በሕግ ቀን ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለቼክም ለተስፋ ሰነድም አጭር ሥነ ሥርዓት ፈቅዷል። ተከሳሹ በቃለ መሐላ አሳማኝ መከላከያ እንዳለው ካላሳየና ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደለት በቀር ክርክር ውስጥ መግባት አይችልም፤ በቀጥታ ይፈረድበታል። ታዲያ የተስፋ ሰነድ ከቼክ በምን ያንሳል? በአንድ ነገር ብቻ። እስር የለበትም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኛ ቢሮ አንድም የተስፋ ሰነድ ገብቶ አላየሁም።

እስሩ ከወረቀቱ ጋር ሲመጣ ወረቀቱን ማን እንደሚወደው ደግሞ ተመልከቱ። አራጣ አበዳሪ ይወደዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በብድር ውል በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። ቼክ ግን ለምን እንደተሰጠ አይናገርም። 300 ሺህ ተበድሮ 420 ሺህ ቼክ የፈረመ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚታየው የ420 ሺህ ባለዕዳ ሆኖ ነው። ወለዱ ቼኩ ውስጥ ተቀብሯል። ከዚህ የሚብሰው ቀኑም መጠኑም ሳይሞላ ተፈርሞ የሚሰጠው ነው። ያ ቼክ አይባልም፤ ያ ሰውየው ራሱን በሰንሰለት አስሮ ቁልፉን ለሌላ ሰው መስጠቱ ነው።

ሌላ አገርም ቀን የተጻፈበት ቼክ አለ፤ እኛ ብቻ አይደለንም። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ነታንያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ቤት ስትከራይ ለዓመቱ 12 ቼክ በአንድ ጊዜ ጽፋ ሰጥታለች፤ በየወሩ አንድ። እዚያ ባንኩ ቼኩን ቀኑ ሳይደርስ ይቀበልና ያስቀምጥላችኋል፤ በቀኑም ይሰበስባል። ቼኩ ቢመለስ ዋናው ቅጣት የሒሳብ እገዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሕግ መሠረት በ12 ወር ውስጥ 10 ቼክ ስንቅ አጥቶ ከተመለሰ ሒሳቡ ለአንድ ዓመት ይገደባል። ማጭበርበር ሲሆን ወደ ወንጀል ይሄዳል። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ የኪራይ ቼክ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እዚያ ድሮ የተመለሰ ቼክ በቀጥታ ያሳስር ነበር። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ግን ብር በማነሱ ብቻ የተመለሰ ቼክ ወንጀል መሆኑ ቀርቷል፤ ባንኩ ሒሳቡ ውስጥ ያለውን ያህል ይከፍላል፤ ለቀሪው ባለ ቼኩ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ይሄዳል። ማታለል ካለ፣ ለምሳሌ ሒሳቡን ሆን ብሎ ዘግቶ ቼክ የሰጠ፣ አሁንም ይቀጣል። የኤምሬትስ ነጋዴ በዚህ ምክንያት ቼክ መቀበል አላቆመም።

እኛም ጋ የባንክ ቅጣት የለም ማለት አይደለም። ስንቅ የሌለው ቼክ ደጋግሞ የሚያወጣ ሰው ሒሳቡ እንደሚዘጋና ስሙ ለሌሎች ባንኮች እንደሚተላለፍ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ለነጋዴ ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም። ቼክ የማይጽፍ አከፋፋይ መርካቶ ውስጥ ግማሽ ሰው ነው።

እኔ ብጠየቅ ብሔራዊ ባንክ ከሁለት አንዱን ይምረጥ እላለሁ። ወይ የ1952ቱን ሕግ ይከተልና «የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ እንደቀረበ ይስተናገዳል» ብሎ ለሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ቋንቋ ይንገር፤ ነጋዴውም ፖስታ መደርደሩን ይተው። ወይ ደግሞ ቀኑ ቀን ነው ይባል፤ ባንኮች ተቀብለው እስከ ቀኑ እንዲያስቀምጡ፣ ቀኑ ሳይደርስ የቀረበውን ሁሉ «ቀኑ አልደረሰም» ብለው እንዲመልሱ ይደረግ። ይህ ግን በመመሪያ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም፤ ሕጉ መስተካከል አለበት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አገሩ የሚነግደው እንደዚያ ስለሆነ። አንቀጽ 693 ደግሞ ቀን ተቀጥሮ የተሰጠን ቼክ ከሌባው ቼክ ይለይ። አሁን ያለው መሀል ሰፋሪነት የሚጠቅመው አስፈራሪውን ብቻ ነው። የአዳማው ሰው የታሰረው በሕግ ሳይሆን በዕጣ ነው።

ለጠያቂዬ። ወንድሜ፣ ከቻልክ የተስፋ ሰነድ አቅርብለት። እምቢ ይልሃል፤ ግን ጠይቀው። ቼክ ካልሆነ አይሆንም ካለህ፣ ከቼኩ ጋር አጭር የሽያጭ ውል ተፈራረሙ፤ የቼኩ ቁጥር፣ የምን ዕቃ ዋጋ እንደሆነ፣ ዕቃው በዱቤ እንደተሸጠና መቼ እንደሚከፈል ይጻፍበት። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ለራስህ ስም ስጠኝ ቢልህ አትስጥ፤ በአከፋፋዩ ስም ጻፈው፤ «ለአምጪው» የሚባል ነገር አይኑርበት፤ የት እንደሚደርስ አታውቅምና። ለሌላ እንዳያስተላልፈውም ውሉ ላይ ይስማማ። ቀኑ አጠገብ ዓ.ም. ብለህ ጻፍ። ባዶ ቼክ በፍጹም አትፈርም፤ ለወንድምህም ቢሆን። ኮፒ አንሥተህ አስቀምጥ። ይህ ሁሉ ከክስ ያድናል ብዬ አልምልልህም፤ ቢያንስ ፖሊስ ፊት ስትቀርብ የምታሳየው ወረቀት ይኖርሃል።

ባንክ የምትሠሩ አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ጻፉልኝ። ቀኑ ያልደረሰም፣ ብርም የሌለው ቼክ መስኮታችሁ ጋ ሲቀርብ የትኛው ምክንያት ላይ ነው ምልክት የምታደርጉት? የተጻፈ መመሪያ አላችሁ ወይስ በልማድ ነው? የባንካችሁን ስም መጻፍ አያስፈልግም። መልሶቹን ሰብስቤ በሚቀጥለው አወጣቸዋለሁ።